ደራና አሰላ በአንድ ቀለም

ኦቦ ሁንዴን በቀበርን ማግስት ልቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰዓቱም ገና ጠዋት። የሰፈሩ ወጣቶች በከናቴራ ብቻ ሆነው ወንበር ያመላልሳሉ። በእኛ ጊዜ በኅዳር ጠዋት አሰላ ላይ በከናቴራ የሚታይ ሰው ወይ ሰክሮ ያደረ ነው፣ ወይ ልብሱን የተዘረፈ ነው። ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው መስሎ ተነስንሶ ያድር ነበር፤ የጋሪ ፈረሶች ሲተነፍሱ ከአፋቸው ጭስ የሚወጣ ይመስላል። አሁን ያ ሁሉ የለም። ካፖርቴን እንደደረብኩ ይህን ሳሰላስል፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ ባልቴት በሰው ተደግፈው ገቡና ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ፣ ለእኔ ቀረብ ብለው ተቀመጡ። ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"ግርማ አይደለህም?" አሉኝ።

"ነኝ። እርስዎን ግን..."

"አሰላ ሞቃለች እኮ፣ ግርማ።"

ፊት ያረጃል፣ ድምፅ ግን ብዙም አያረጅም። ብዙነሽ ነበረች፤ የደራዋ ብዙነሽ፣ በኋላ የበቆጂዋ። ስለ አሰላ ብርድና ሙቀት ሌላ ሰው ቢያወራ ግድ የለኝም። እሷ ስትናገር መስማት ግን ከበደኝ፤ ምክንያቱም በወጣትነታችን ሽማግሌ ልኬባት የተከለከልኩት በአሰላ ብርድ ነው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

ስለ አየር ንብረት በአሰላ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የለም። ይህን ለጉራ አልልም፤ የሚጠራጠር ይምጣና ይጠይቀኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አባቴ ሲሞት የስፌት መኪናውን ወረስኩ፤ የቀረውን ትምህርት እዚያው መኪናው ላይ ተቀምጬ ራሴን አስተማርኩ። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ጂኦግራፊን ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ተማርኩ። መጽሐፉን ያመጣልኝ ወዳጄ ለኮት ልክ ማውጫ ወረቀት ይሁንህ ብሎ ነው። ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን ቀዶ እጅጌና አንገትጌ ያወጣበት ነበር። እኔ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በላዩም ካርታ ጨመርኩበት፤ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት የተዛወረ አንድ መምህር በሱሪ ማሰፊያ ዋጋ ምትክ የተወልኝን፣ ጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት የዓለም አየር ንብረት ካርታ። ጠርዙ አልቆ ነበር፤ በካኪ ቁራጭ ዙሪያውን ዘመዘምኩት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ካርታ በአንድም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አላየሁም።

ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ጋሪዎች ከሚሰለፉበት ጥግ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ያ ጥግ የከተማው ዓይን ነበር። ፊት ለፊቴ ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም። ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ስለሚለቀው፣ ዘፈን ለመስማት ብዬ ሳንቲም አውጥቼ አላውቅም። ቀዝቀዝ ያለ የትዝታ ዘፈን ሲመጣ እግሬም የስፌት መኪናውን ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ ፈጣን ሲመጣ ይፈጥናል። ቦላሌ ሱሪ የነገሠበት ዘመን ነው። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ እሱን ሌሎች ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው ሱሪው ከጉልበት በታች የሚበላውን ጨርቅ ነው። ቴትሮን የለበሰ ሙሽራ ነበር፤ ካኪ የለበሰ ሠራተኛ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ሰልባጅ ልብስ እንደ ጎመን ተከምሮ ይሸጣል። ከማላውቀው አገር የመጣ፣ የማላውቀው ሰው ትከሻ ያረፈበት ካፖርት አንስተው፣ አራግፈው፣ ተከራክረው ይገዙታል። እኔ ጋ የሚመጡት ዚፕ ለማስቀየር ነው።

ፈረንጆቹ ዓለምን በአምስት ፊደል ነው የከፈሏት፦ ዓመቱን ሙሉ ሙቅና ዝናባም የሆነው አገር፣ ደረቁ፣ ለዘብ ያለው፣ ክረምቱ የሚያቆራምደው፣ በመጨረሻም በረዶው የማይቀልጠው የዋልታ አገር። መነሻቸው ዛፍና ሣር ነው፤ የት ምን ይበቅላል ብለው ነው የተነሡት። እኔ ግን ይህን ሳላነብ በፊት ምድርን በጨርቅ ከፍዬ ጨርሼ ነበር። ፖፕሊን ሸሚዝ ያዘዘኝ የቆላ ሰው ነው። ካኪ ኮትና ሱሪ ያዘዘኝ የወይና ደጋ ሰው ነው። ገበር ያለው ካፖርት ያዘዘኝ ደገኛ ነው። ቡሉኮ ተከናንቦ መጥቶ በላዩ የሚደርበውን ልብስ የሚጠይቀኝ ደግሞ ከበቆጂ በላይ የወረደ፣ የውርጭ አገር ሰው ነው። ኦሮሞ ደንበኞቼ ቆላውን ገሞጂ፣ ደጋውን ባዳ ይሉታል፤ መሐሉን ባዳ ዳሬ። ስሙ ይለያይ እንጂ ልብሱ አንድ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረህ ከበቆጂ ደራ ብትወርድ፣ ፈረንጅ በመርከብ ወራት የሚፈጅበትን የአየር ለውጥ ከቁርስ እስከ ምሳ ታየዋለህ። ተሳፋሪው ሳጉሬ ላይ ጋቢውን ያላላል፣ አሰላ ላይ ያወርደዋል፣ ኢተያን ሲያልፍ ኮቱን ይከፍታል፣ ደራ ሲደርስ ሸሚዙን ከደረቱ ላይ እያርገበገበ ይወርዳል። ይህን ያየ ሌላም ሰው ይኖራል። ለምን እንደሆነ የጠየቀው ግን እኔ ነኝ።

ምክንያቱም በቃሌ ነበር። ፀሐይ ከምድር ወገብ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ታቃጥላለች፣ ወደ ዋልታዎቹ ሲሄድ እያዘመመች ትደክማለች። ይህ ብቻ ቢሆን እኛ ሁላችን ነድደን ባለቅን ነበር፤ ከፍታ አዳነን። ወደ ላይ በወጣህ መጠን አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ ጋቢ እንደማያሞቅ የሳሳ አየርም ሙቀት አይይዝም። ከዚያ ነፋስ አለ። ዝናብ የተሸከመ ነፋስ ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ ከተራራው ወዲያ ላለው የሚተርፈው ደረቁ ነው። ጭላሎ ጠግቦ ሲጠጣ ደራ ለምን አፏን ከፍታ እንደምትቀር ገበሬው በእግዜር ያሳብብ ነበር፤ እኔ ተራራውን አሳየው ነበር። ባሕርም አለ። ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለ አገር ቀኑም ሌሊቱም፣ በጋውም ክረምቱም ብዙ አይራራቅም፤ ከባሕር የራቀ ግን ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይቆረፍዳል። ይህን ለጋሪ ነጂ፣ ለአውቶቡስ ረዳት፣ ልኩን ቆሞ ለሚያስለካ ደንበኛ ሁሉ አስረድቻለሁ። ከመሐላቸው አመሰግናለሁ ያለኝ የለም።

ብዙነሽን ያወቅኋት ደራ ላይ ነው። በገበያ ቀን ፖፕሊን ሸሚዝና የልጆች ቁምጣ ይዤ እወርድ ነበር፤ መሳፈሪያው አንድ ብር ነው። እናቷ እትዬ አሰለፈች የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት። ጥላ ፍለጋ ከሱቃቸው በር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፤ በኋላ ጨርቅ ለገዛ ሁሉ እዚያው ልክ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ብዙነሽ አረንጓዴ ጉርድ ቀሚስ ታዘወትር ነበር፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ጨርቅ ስትዘረጋ የእጇ አወራወር ነው የማረከኝ፤ አንድም ክንድ አታጎድልም፣ አንድም ጣት አትጨምርም። አንድ የፋሲካ ቀሚስ ሰፋሁላት። ልኳን ስወስድ ስለ ዋልታ በረዶ ነግሬያት፣ "እዚያ ያለ ሰው ምን ይበላል?" ብላ ሳቀችብኝ። ዓሣ አልኳት። "ጾመኛ ነዋ!" አለች። ለዚያ ሳቅ ስል ወደ አሰላ ስመለስ ከመጽሐፉ አዲስ ምዕራፍ አነብ ነበር።

ሽማግሌ የላክሁት በዚያው ዓመት ነው። አባቴ ስለሌለ ኦቦ ሁንዴ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ እንደ አባት ሆነው ከሁለት ሰዎች ጋር ወረዱ። ረዥም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቁ ሰውን የሚያለሰልሱ ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ሱቄ ድረስ መጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"በክብር ተቀበሉን። በሉ ጠጡ አሉን። ልጁ ጨዋ ነው፣ ባለ ሙያ ነው፣ እናውቀዋለን አሉ።"

"እና?"

"ልጃችን የቆላ ልጅ ናት፣ የአሰላን ብርድ አትችልም፣ ሳምባዋ ስስ ነው አሉ። የአየር ነገር ነው፣ እኛም ቅር አይበላችሁ ብለን ተነሣን።"

"አሰላ እኮ ደጋ አይደለችም!" አልኩ።

ኦቦ ሁንዴ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። "ዲስ፣ ልጄ" አሉኝ፤ ተው ማለታቸው ነው። "አየር ካሉ አየር ነው። ተወው።"

አልተውኩም። መጽሐፉን አወጣሁ። መጽሐፉ ላይ ወይና ደጋ የሚያበቃበትና ደጋ የሚጀምርበት ከፍታ ተጽፏል፤ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። አሰላ የምትገኘው በሁለቱ መጽሐፎች መካከል ነው። አንዱን ብትይዝ ደጋ ናት፣ ሌላውን ብትይዝ ወይና ደጋ። ከተማው ውስጥ ይህን ያወቀ አንድ እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም ሳልሆን አልቀርም። ከዚያም አልፌ፣ ደራ ራሷ በመጽሐፉ ልኬት ቆላ እንዳልሆነች፣ በወይና ደጋው ታችኛ ጫፍ ላይ እንዳለች፣ ሰው ቆላ የሚላት ድርቀቷን አይቶ እንደሆነ ደረስኩበት። ሁለቱም ወይና ደጋ ከሆኑ ልጅቱ ምን ብርድ ያገኛታል? ኦቦ ሁንዴን ለሁለተኛ ጊዜ ስልካቸው ይህን ሁሉ አስጠናኋቸው። ሽማግሌው እንደ ተማሪ ጣታቸውን እያጠፉ ደገሙልኝ። ሄደው ሲመለሱ፣ "ነገርኳቸው" አሉኝ። "አጎቷ ባሻ ታደሰ፣ ወይናም ይሁን ደጋ ሐምሌ ሐምሌ ነው አለ።" ቀጥለውም፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ አልተናገሩህም። እዚህ ላይ ይብቃ" አሉኝ።

እዚህ ላይ ይብቃ የሚባለው ለማያውቅ ሰው ነው። ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑትን እኔ ለሚስት ስል አጠናሁ። ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ደንበኛ እያስቀመጥኩ። በመጨረሻም ካርታዬን ጠቅልዬ ራሴ ወረድኩ። አማች ሊሆን የሚፈልግ ሰው በራሱ እግር ሄዶ ስለራሱ አይከራከርም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ኦቦ ሁንዴ ግን ካርታ ማንበብ አይችሉም። ሊያጅቡኝ አብረውኝ መጡ፣ መንገዱን ሙሉም በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር።

እትዬ አሰለፈች ግራ ተጋብተው አስገቡን። ባሻ ታደሰ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጡረታ የወጡ፣ ነገር በሳቅ የሚያዋዙ ሰው። ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን አወረድኩና ካርታውን በሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ።

"አሰላ የት ናት?" አሉኝ ባሻ።

"ይቺ ጋ።"

ጠጋ ብለው አዩ። "ዝንብ የጣለችው ነው የመሰለኝ። ደራስ?"

"እሷም እዚያው ናት። ነገሩ ይኸው ነው፣ ባሻ! ቀለሙን ይመልከቱ። ፈረንጆቹ አምስቱን ፊደል ጨርሰው ከተራራ አገር ሲደርሱ ግራ ስለገባቸው ከፍተኛ ቦታ ብለው ለብቻው በሐምራዊ ቀቡት። አሰላም በሐምራዊው ውስጥ ናት፣ ደራም በሐምራዊው ውስጥ ናት። ልጅዎ ከሐምራዊ ተነሥታ ወደ ሐምራዊ ነው የምትሄደው።"

"ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ አሰላ መጥቼ ጥርሴ ሲንቀጫቀጥ ዋለ።"

"እሱ የዕለት አየር ነው። የአየር ንብረት የሚባለው የብዙ ዓመት ጠባይ ነው። በአንድ ቀን አይፈረድም።"

"ሳምባም የሚታመመው በአንድ ቀን ነው" አሉ ባሻ።

እትዬ አሰለፈች እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ካርታውን ሲያዩ ቆይተው፣ "አንተ ልጅ፣ ሁለቱ አገር አንድ ከሆነ፣ ደራ ስትደርስ ኮትህን ለምን ታወልቃለህ?" አሉኝ።

ኦቦ ሁንዴ እንኳ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ግን ለዚህም መልስ ነበረኝ። ከምድር ወገብ ጀመርኩ። ወደ ሰሜን ዋልታ ወጣሁ፣ ኤስኪሞዎቹን አሳየሁ፣ በዚያ ብርድ እንኳ ሴቶች አግብተው እንደሚወልዱ ተናገርኩ። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ተራራው አስረዳሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ የተናገርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። ወደ ባሕሩ ስደርስ፣ "አሁን ባሕር አንድን አገር ምን ያደርገዋል ያላችሁ እንደሆነ..." ብዬ ጣቴን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳሳርፍ፣ እትዬ አሰለፈች ተነሡ።

"ይበቃል ልጄ። ደክመሃል። አየሩ አይስማማትም ብለናል፤ የእግዜር ነገር ነው፣ በእኛ አትዘን።"

ካርታዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ከጓዳው መጋረጃ በታች ሁለት እግሮች አየሁ፤ ብዙነሽ እዚያ እንደነበረች ያወቅሁት በዚያ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ኦቦ ሁንዴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። እኔ እስከ ኢተያ ድረስ ስለ ባሕሩ ነገርኳቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኃይሉ የሚባል ሹፌር ሱቄ መጣ። ከበቆጂ ገብስ ጭኖ በደራ በኩል የሚወርድ፣ ጥቁር መነጽርና የቆዳ ጃኬት የሚያዘወትር፣ ስለ ራሱ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ወፍራም የሴት ካፖርት፣ ባለ ድርብ ገበር፣ አንገቱ እስከ ጆሮ የሚዘጋ አዘዘኝ። "በቆጂ ላይ ነው የሚለበሰው፣ ብርድ የማያስገባ ይሁን" አለኝ። ልኩን በክር አምጥቶታል፤ ትከሻው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ እጅጌው ላይ አንድ፣ ወገቡ ላይ አንድ። ክሩን ዘርግቼ በሜትሬ ስለካው እጄ ቆመ። ሰው የሰው ፊት ይረሳል፤ ልብስ ሰፊ ግን በፍላጎት የለካውን ትከሻ አይረሳም። የፋሲካዋ ቀሚስ ልክ ነበር። ለአሰላ ብርድ ያልተሰጠችው ልጅ ለበቆጂ ብርድ ተሰጥታለች። አሰላ ደጋ ናት አይደለችም ብለው ሲከራከሩኝ የከረሙ ሰዎች፣ ማንም በማይከራከርበት ደጋ ላይ ዳሯት።

ካፖርቱን ሰፋሁት። ባልሰፋው ሌላ ያበላሸዋል። ገበሩን ሁለት ጊዜ ደረብኩ፣ ትከሻውን በእጄ ጠለፍኩ፣ ቁልፉን በሰም በተቀባ ክር ተከልኩ። እስከ ዛሬ ከአሰላ ከወጡ ካፖርቶች ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ሚስት ስለማግባት በኋላ የጠየቁኝ ነበሩ፤ የምትመጥነኝ አላገኘሁም እላቸዋለሁ። ይህም ውሸት አይደለም።

ይህ ሁሉ ነበር በውስጤ ያለፈው፣ ልቅሶ ቤት ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አሰላ ሞቃለች ስትለኝ። እኔም ቂሜን መያዝ አልቻልኩም።

"በቆጂስ?" አልኳት። "ሳምባሽ ቻለው?"

"ጉልበቴን ነው እንጂ ሳምባዬስ ደህና ነው። ኃይሉ ከሞተ ወዲህ ልጆቹ አዳማ እንውሰድሽ ይላሉ። ሙቀት አልችልም አልኳቸው።" ሳቅ አለች። "ያ ካፖርት እኮ ለልጅ ልጄ ደረሰ። ማን እንደሰፋው ኃይሉ አልነገረኝም ነበር። ስፌቱን አይቼ ነው ያወቅሁህ።"

"እናትሽ ናቸው በብርድ የከለከሉኝ። ኋላ ደግሞ ወደ በቆጂ ሰደዱሽ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።"

ብዙነሽ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ከልብ የገረማት ሰው አስተያየት ነበር። "ግርማ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ብርዱን ነው የያዝከው? እኔ እኮ ነኝ ለእናቴ እንደዚያ በይ ያልኳት። ያኔ ከኃይሉ ጋር ተነጋግረን ነበር። ጨዋ ሽማግሌ ሲመጣ ልጄን ለልጅህ አልሰጥም አይባልማ። የእግዜር የሆነ ነገር ይፈለጋል፤ አየር፣ ስለት፣ ሕልም። ማንም ቅር ሳይለው እንዲሄድ። ኦቦ ሁንዴ ገና በመጀመሪያው ገብቷቸው ነበር። አንተ ካርታ ይዘህ መጣህ።"

ከፊታችን ያሉት ሴቶች ዞር ብለው አዩንና ድምፃችንን ቀነስን። ኦቦ ሁንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ሱቄ እየመጡ፣ ሻይ እየጠጡ፣ ስለ አየር ንብረት ስነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አንድ ቀን አልተነፈሱልኝም። አሁን ሊጠየቁ አይችሉም። ሰው ተከባብሮ በሚዋሽበት አገር እውነትን አጥንቶ መሄድ እንደ ጅል ያስቆጥራል። እኔ ዓለምን በሙሉ አጥንቼ ሄጄ፣ ለካ ከእኔ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ ስለ አየር የሚነጋገር ሰው አልነበረም።

"የተናገርኩት ግን ስሕተት አልነበረበትም" አልኳት።

"አልነበረበትም ይሆናል።" ነጠላዋን አስተካከለች። "አንድ ነገር ልንገርህ፤ አሁን ሁላችንም ሽማግሌዎች ነን፣ የሚጎዳ የለም። በሦስተኛው ጊዜ፣ አንተ በመጣህበት ቀን፣ ከኃይሉ ጋር ተጣልተን ነበር። ወሬውን ሰምቼ፣ አዳማ ሌላ አለችው ብለውኝ። እናቴም ልቧ ተከፍሎ ነበር፤ ይህን ያህል ከለፋ ሰው ማን ይሻላል ትለኝ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ስሜን ከጠራ እወጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ።"

"ስምሽን?"

"ስሜን። ስለ ዋልታው ተናገርክ፣ ስለ ነፋሱ ተናገርክ። እስክትወጣ ድረስ ቆሜ ነበር። ብዙነሽ የምትል ቃል ግን ከአፍህ አልወጣችም።"

ያን ቀን የተናገርኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቤ አነበነብኩት፤ አንድም ቃል አልጠፋኝም። እውነቷን ነው፤ ስሟ የለበትም። ለምን እንደሌለበትም አውቃለሁ። የሚከራከሩኝ ስለ አሰላ ነበር፤ ስለ እሷ የተከራከረኝ አልነበረም። እንዲህ ብዬ ልመልስላት ነበር፣ ግን ምን ያደርግላታል።

የበቆጂው ሚኒባስ ሊነሣ ነው ብለው ሊወስዷት መጡ። ቆየት በሉ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው። ከዚያም፣ እንደ ድሮው ጨርቅ ስትዘረጋ፣ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ "እናቴ ያን ቀን ሳትጨርስ ነው ያስነሣችህ" አለችኝ። "ባሕር አንድን አገር ምን ያደርገዋል ብለህ ቀረህ። በቆጂ ላይ ሌሊቱ ሲጠናብኝ እሱ ነገር እየመጣ ያስቸግረኛል። ምን ሊል ነበር እላለሁ። በቤቴም የሚያውቀው ሰው የለም። እስቲ አሁን ጨርስልኝ።"

ሰው ሳይጠይቀኝ ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው። በሕይወቴ ስለ እሱ ጠይቃ ያዳመጠችኝ አንዲት እሷ ናት፤ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ መልሱን ትጠብቃለች። መልሱ በቃሌ ነበር፤ ብጀምረው ግን እንደ ያን ቀኑ እሷን ረስቼ ስለ ባሕር ልናገር ነው።

"አላውቅም" አልኳት።